የምሩጽ ጥቁር ድድ

ምሩጽ ስትስቅ ያየ ሰው የሚሄድበትን ረስቶ ይቆም ነበር። አጋነንሽ የሚለኝ ካለ የቦሌ ሚካኤልን ሰው ይጠይቅ። ጥርሷ ወተት፣ ድዷ ደግሞ ጥቁር፣ ጥርት ያለ ጥቁር። ተምቤን ውስጥ ገና ልጃገረድ ሳለች እናቷ እጅና እግሯን አስይዛ፣ አንዲት ባለሙያ በመርፌ እየወጋች ጥላሸት አስገብታ የነቀሰቻት ነው። አልቅሳለች፣ ተራግጣለች፣ ከንፈሯ አብጦ እህል አልቀምስ ብላ ሰንብታለች። ሲሽርላት ግን መስታወት አልጠግብ አለች። እናቷ ደግሞ፣ «የተነቀሰ ድድ አይታመምም፤ ጥርስሽን እስክትሞቺ ጥርቅም አድርጎ ይይዝልሻል» ብላታለች። እናት የነገረችውን ማን ይጠረጥራል? ምሩጽም አልጠረጠረችም።

አዲስ አበባ ይዛ የመጣችው ያንን ፈገግታና የእጇን ሙያ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይታ ሹሩባ መሥራት ጀመረች። እጇ ጉድ ነው! አልባሶ የሚባለውን የትግራይ ሹሩባ እንደ እሷ አድርጎ የሚሠራ ቦሌ ሚካኤል ቀርቶ ገርጂና ኢምፔሪያል ድረስ ቢፈለግ አይገኝም። ሙሽሮች ለሠርጉ ዕለት ውድ ውድ ሳሎን ይሄዳሉ፤ በማግስቱ ለመልሱ፣ የአገር ልብስ ለብሰው ለሚቀርቡበት ቀን፣ ፀጉራቸውን ይዘው ወደ ምሩጽ ይመጣሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ደንበኛዋ ዝቅ ያለች ዱካ ላይ፣ በምሩጽ ጉልበቶች መሀል ትቀመጣለች። የፊተኛው መስመር ሲሠራ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ፊቷን ወደ ላይ ትሰጣለች። የምሩጽ አፍ እላይዋ ላይ ነው። ምሩጽ ደግሞ ዝም ብላ መሥራት አታውቅበትም፤ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ታማለች። ድሮ ሴቶቹ ግማሹን የሚመጡት ለወሬዋ ነበር።

ልጅ አልወለደችም። እህቷ ስትሞት ሄርሞንን፣ ገና መራመድ ያልጀመረችውን የእህቷን ልጅ፣ ተቀብላ አሳደገች። ጣቷ እስኪደነዝዝ የሰው ፀጉር ጎንጉና አስተማረቻት። ልጅቷም ቆንጆ ወጣት ሆነች፤ ቦሌ መንገድ ካሉት ባለመስታወት ሕንፃዎች ባንዱ ሥራ ያዘች፤ ጸጋአብ የሚባል የደህና ሰው ልጅም አጫት። ምሩጽ ለራሷ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሄርሞንን የመልስ ሹሩባ በገዛ እጇ ሠርታ፣ በመልሱ አዳራሽ በእናት ቦታ መቀመጥ። ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታበጥራት፣ «በመልስሽ ቀን ይሄን አናት ከእኔ ሌላ ሰው ቢነካው አልምርሽም» ትላት ነበር።

ደሙ የጀመረው እንዲሁ በቀልድ ነው። አንድ ጠዋት ጥርሷን ቦርሻ ስትተፋ ውሃው ቀላ። በማግስቱም ቀላ። ከዚያ ዳቦ ስትገምጥ ዳቦው ላይ ደም ይቀር ጀመር። ሕመም የሚባል ነገር የለም። ካላመመ ደግሞ ምኑ በሽታ ነው? ብሩሹ ሻካራ ቢሆን ነው አለችና ሌላ ገዛች፤ እሱም አደማት። አንድ እሑድ ልትቆርብ ነጠላዋን አጣፍታ ልትወጣ ስትል አፏ ደም ደም አላት። ደም እየፈሰሳት እንዴት ትቁረብ? ነጠላዋን አውልቃ ቁጭ አለች፣ ስቅስቅ ብላም አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ብሩሹን ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው።

ከዚያ ወዲያ መፋቂያ ብቻ ሆነ። እሱንም ድዷን እንዳይነካባት እየተጠነቀቀች፣ የጥርሷን ፊት ፊቱን ብቻ ትፍቃለች። ጥርሷ ያበራል። ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ስርቻ ግን፣ ያ ቆሻሻ ገብቶ የሚጠነክርበት፣ ማንም ሳይደርስበት ከርሟል። ደሙም ቀነሰ! አያችሁልኝ ብልጠቷን? ካልነኩት መች ይደማል። ምሩጽ ግን ዳንኩ ብላ ስለት አስገባች።

ቆይታ ጥርሷ የረዘመ መሰላት። የታችኞቹ ፊት ጥርሶቿ ስር ስር ቢጫ ነገር ጋገረ፤ በጥፍሯ ብትቧጭረው ድንጋይ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ልታሳጥበው አሰበችና ሱቅ ውስጥ ተናገረች። ያን ጊዜ አጠገቧ የምትሠራው ቲጂ፣ እሷው ራሷ ሙያ አስተምራ ወንበር የሰጠቻት ልጅ፣ «እትዬ ምሩጽ፣ አብደሻል እንዴ? ጥርሱን ያሳጠበ ሁሉ ወለቀበት እኮ!» አለቻት። ደንበኞቹም ሁሉ አዎ አዎ አሉ። አንዷ የአክስቷን ጠራች፣ አንዷ የአባቷን። ድንጋዩ ነው ጥርሱን ያቆመው ተባለና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ደግሞ የራሷ ምክንያት ነበራት። ድዴ የላላው ንቅሳቱ ቢደክም ነው አለች። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ከልጇ ጋር የምትኖር አደይ አርያም የምትባል፣ በአገር ቤት ስትነቅስ የኖረች አሮጊት አለች። ምሩጽ ሄዳ አፏን ከፈተችላት። አሮጊቷ ዓይኗን አጨንቁራ አየችና፣ «ልጄ፣ ይሄ የሰነፍ ሴት ንቅሳት ነው፤ ለቅቋል። እኔ አጠብቅልሻለሁ» አለች። ያንን የታመመ ድድ እንደገና ወጋችው። ምሩጽ በሁለት እጇ ወንበሩን ጨምድዳ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅ ሳታሰማ ቻለችው። ድዷ እንደገና ጠቆረ፣ አማረ። ከስሩ ግን መበስበሱን ቀጠለ።

ሽታው መቼ እንደ ጀመረ እሷ አታውቅም። ሰው የገዛ አፉን አይሸተውም። ሌላው ሁሉ አውቋል። ፊቷን ወደ ላይ የሰጠች ደንበኛ ትንፋሿን ይዛ ትቆያለች። መጀመሪያ አፍንጫቸውን በነጠላ ጫፍ ሸፈን አደረጉ። ከዚያ «ዛሬ ቸኩያለሁ» አሉ። ከዚያ ቲጂ ጋ ተራ እየጠበቁ፣ የምሩጽ ዱካ ባዶውን እያለ፣ መቀመጥ ጀመሩ። እሷ ኑ እያለች ዱካውን በእጇ መታ መታ ታደርጋለች፤ እነሱ ስልካቸውን ያያሉ። ቲጂ ጠዋት ጠዋት ማስቲካ ትሰጣታለች። ምሩጽ ይህን ለጎረቤት ሁሉ ታወራዋለች፤ «ይቺ ልጅ ትወደኛለች፤ አንድ ቀን ያለ ማስቲካ አትገባም» እያለች። ምስኪን! ቲጂ ደግሞ ምሩጽ ወጣ ስትል በር በሩን ታራግባለች፣ ሱቁ በሳቅ ይሞታል። አንድ ሰው፣ አንድ ለዘር፣ «እትዬ፣ ይሄ ነገር በሽታ ነው፤ ታከሚ» አላላትም። ሁሉም እንዳይከፋት ብለው ነው አሉ። አይ ሰው!

ሠርጉ ሲቃረብ ሄርሞን ሱቅ መጣች። ምሩጽ ብድግ ብላ ዱካውን አራገፈች። ሄርሞን አልፋት ሄዳ በቲጂ ጉልበቶች መሀል ተቀመጠች።

«ምነው እናቴ፣ እዚህ ነው እንጂ» አለች ምሩጽ፣ ነገሩ ስህተት መስሏት እየሳቀች።

«ቲጂ ሞዴሉን ትሞክርልኝ ብዬ ነው።»

«የምን ሞዴል?»

«የመልሱን።»

 ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ቀና ቀና አሉ፤ እንዲህ ያለውን ማን ሊያመልጠው! ምሩጽ ማበጠሪያዋን እንደ ያዘች ቆማ፣ «የመልስሽን ሹሩባ እኮ እኔ ነኝ የምሠራው። ምን በድዬሽ ነው?» አለች።

«አክስቴ፣ ተይኝ በናትሽ።»

«አልተውሽም። ንገሪኝ!»

ሄርሞን ዞር አለች። ብቻቸውን ሲሆኑ ልትነግራት ትችል ነበር፤ አብረው በአንድ ጣሪያ ስር ነው የሚኖሩት። «አፍሽ ይሸታል» አለቻት። «ገባሽ? አፍሽ ይሸታል። ስንት ጊዜዬ ነው ትንፋሼን ይዤ ስኖር! ሽማግሌ የመጣ ቀን የጸጋአብን እናት ስትስሚያቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ አላየሽም? ለልጄ ከምን ቤት ነው ሚስት የማመጣለት ብለዋል። ስለ አንቺ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልኩ። በሠርጌ ሰሞን ያንን አፍ ፊቴ ላይ ግማሽ ቀን ይዤ ልዋልልሽ?»

ምሩጽ ክው አለች። እጇ ወደ አፏ ሄደ። ቲጂ ጉንጉኗን ሳታቋርጥ፣ «እኔማ ማስቲካውን የምሰጥሽ ለምን መሰለሽ?» አለች። ከተቀመጡት አንዷ አልቻለችም፣ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ተከተሉ። ሄርሞን አልሳቀችም፤ ተዉ አላለቻቸውምም።

በማግስቱ ምሩጽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ ኢምፔሪያል አካባቢ ያለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሙ ዶክተር ሀብቶም ይባላል፤ ሙያ አለው፣ ምላስ ግን እግዜር ሲፈጥረው ለስላሳ አላደረገለትም። ገና አፏን ስትከፍት ማስኩን ሳብ አድርጎ አጠበቀ። ቀጭን ብረት በጥርሷና በድዷ መሀል ሰደደ። ብረቱ ገባ፣ ገባ፣ አሁንም ገባ። ድዷን በጣቱ ሲጫነው መግል ወጣ።

«ይሄን ድድ ማን ነው እንደገና የወጋው?»

ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ የታመመ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያስታውቃል። እርስዎ በጥቁር ቀለም ሸፍነውታል፤ መቅላቱን ማን ይየው? አንድ የቀረዎት ምልክት ደሙ ነበር። ሲደማ ምን አደረጉ?»

«ብሩሹ መስሎኝ ጣልኩት።»

«አበጁ!» አለ። «ሲደማ ነው እኮ ይበልጥ የሚቦረሸው። የሚያደማው ብሩሹ አይደለም፤ ድድ ስር የተቀመጠው ቆሻሻ ነው። እሱ ሰነበተና ድንጋይ ሆነ፤ ድንጋዩ ድድዎን ገፋ፤ ከስር ያለውን አጥንት በላ። ጥርስ ቆሞ የነበረው በዚያ አጥንት ነው።»

«ድንጋዩ ነው ጥርሱን የያዘው ይላሉ እኮ። ቢታጠብ ይወልቃል ብለውኝ...»

«የሚወልቀው ስላልታጠበ ነው። ድንጋዩ ሲነሣ መነቃነቁን ያዩታል፤ ነቅሎት የቆየው ግን እሱው ራሱ ነው።»

«አላመመኝም እኮ ዶክተር፣ አንድ ቀን አላመመኝም።»

«ቢያምዎትማ ይመጡ ነበር። ክፋቱ አለማመሙ ነው።»

ጥርሷን ራጅ አስነሥቶ ፎቶውን መብራት ላይ አድርጎ አሳያት። የላይና የታች ፊት ጥርሶቿ፣ እነዚያ ሰው የቆመላቸው፣ ሥጋ ላይ ብቻ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ይነቀሉ አለ። የኋለኞቹ ስራቸው ድረስ ተጠርገው፣ ከዚያ ወዲያ በወግ ከተያዙ ይተርፋሉ። የተበላው አጥንት ግን ተመልሶ አይበቅልም።

ምሩጽ ስለ ጥርሷ አልጠየቀችም። «ሽታው እስከ ሠርጉ ይጠፋል?» ነው ያለችው።

«ይጠፋል።»

ልትወጣ ስትል ከበሩ ተመለሰች። «መጀመሪያ የደማኝ ሰሞን ብመጣ ኖሮስ?»

ዶክተር ሀብቶም ጓንቱን እያወለቀ ነበር። «ያን ጊዜማ አንድ እጥበትና ብሩሽ። አንድም ጥርስ አይነቀልም ነበር» አላት። ሊዋሻት ይችል ነበር፤ አልዋሻትም።

ነቀሉላት። አፏን ይዛ፣ ደም የነከረው ጥጥ ነክሳ፣ ታክሲ ውስጥ ስትሄድ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያት። በየቀጠሮው እየሄደች ሌሎቹን ስራቸው ድረስ አስጠረገች። አቦራረሱን ነርሷ አሳየቻት፤ ብሩሹን ወደ ድዱ ጋደል አድርጎ፣ ሳይጫኑ በቀስታ ማዞር፣ በጥርሶቹ መሀል ክር ማሳለፍ፣ ማታ ሳይቦርሹ አለመተኛት። መጀመሪያ ደማ። እንዳትተይው ብለዋታልና አልተወችውም። ቀን ሲጨምር ደሙ ቀነሰ፣ ከዚያ ጨርሶ ቆመ። በመጨረሻው ቀጠሮ ዶክተሩ ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ ተጠጋና፣ «ይተንፍሱ» አላት። ተነፈሰች። «ምንም የለም» አለ። ምሩጽ እዚያው ወንበሩ ላይ እንባዋ መጣ።

ይህን ለሄርሞን ነገረቻት። ሄርሞን «ጥሩ» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

እንግዲህ ነገሩ በዚያው ይቀር ነበር፤ የጸጋአብ እናት ግን ሙሽራዋ እውነተኛ አልባሶ ካልተሠራች አይሆንም ብለው ድርቅ አሉ። ቲጂ ደግሞ አልባሶ አትችልም፤ ብትሞክረው መስመሩ ሁሉ ተጣመመ። ስለዚህ በሠርጉ ማግስት ምሩጽ ተጠራች። ደስታዋን ብታዩ! ገርጂ፣ ሙሽሮቹ አዲስ የገቡበት አፓርታማ፣ ጎህ ሲቀድ ደረሰች። ሄርሞን በሩን ከፈተችና ሰላም ሳትላት ማስክ ሰጠቻት።

«ሽታው እኮ የለም፤ ሐኪሙ ራሱ አሽትቶ...»

«አድርጊው አክስቴ፤ አእምሮዬ እንዲያርፍልኝ።»

አደረገችው። ልጅቷ ጉልበቶቿ መሀል ተቀመጠች፣ ምሩጽም መስመር አወጣች። ያ እጅ አልረሳም። ከግንባር ወደ ማጅራት፣ ጥርት ጥርት እያለ ወረደ። ለአፍታ ሁሉንም ይቅር ብላት ነበር፤ ይህን ልንገራችሁ። ሹሩባው እየተገባደደ ሲመጣ ነው ሄርሞን የተናገረችው።

«አዳራሽ ስትመጪ ግን ወደ ኋላ በኩል ተቀመጪ እሺ? በእናት ቦታ እትዬ የሺመቤት ይቀመጣሉ።»

የሺመቤት የአባቷ እህት ናት፤ ልጅቷ እያለቀሰች ስታድግ አንድ ቀን እንኳ ደጃቸውን ያልረገጠች።

የምሩጽ ጣቶች ቆሙ። «ያሳደግሁሽ እኔ አይደለሁም?»

«ማን ካደ? ጥርስ ግን የለሽም። ቪዲዮ ነው አክስቴ፤ ዕድሜ ልኩን የሚታይ ነገር ነው። በኋላ ስታስተክዪ ለብቻችን ፎቶ እንነሣለን።»

 የምሩጽ ጣቶች ሥራቸውን ቀጠሉ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሄርሞን ትንሿን መስታወት አንሥታ ከንፈሯን ገልበጥ አድርጋ አየች። ጥርሷ የእናቷ፣ የምሩጽም ነው፤ ወተት። በጥርሶቹ ስር ግን ድዱ ቀልቷል፣ አብጧል። ያልተነቀሰ ድድ ነውና ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ሰሞኑን ስቦርሽ ይደማል» አለች ሄርሞን። «አያምም፣ ግን ይደማል። አንቺ ሐኪም ቤት ስትመላለሺ ነበር፤ ምንድን ነው ይሄ?»

ምሩጽ ከላይ ሆና አየችው። ምን እንደሆነ ቦሌ ውስጥ እንደ እሷ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ እጥበትና ብሩሽ። ልትነግራት ነበር። ከዚያ የሺመቤትን በእናት ቦታ፣ ራሷን ከኋላ ወንበር፣ የሱቁን ሳቅ አሰበች፤ ልቧ እንደ ድንጋይ ደረቀ። ደስ አላት። አዎ፣ በዚያች ልጅ ላይ፣ በገዛ እጇ አጥባ ባሳደገቻት ልጅ ላይ፣ ደስ አላት።

«ብሩሹ ነው» አለች።

«እና ምን ላድርግ?»

«ተይው። እስኪጠፋ ድረስ አትንኪው።»

ሄርሞን እሺ አለች።